ካልኩለስም ፊዚክስም ከሌለው የገጠር ሃይስኩል ለኮሌጅ እንዴት እንዳመለከትኩ

አሜሪካ ውስጥ ካለ ትንሽ የገጠር ሃይስኩል ነው ያመለከትኩት። ኤፒ የሚባለው፣ ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ የለም፤ ሒሳቡም ከአልጀብራ 2 አያልፍም። መራጭ የሚባሉት፣ ከአመልካቾች ጥቂቱን ብቻ የሚቀበሉ ኮሌጆች ተማሪውን የሚመዝኑት ትምህርት ቤቱ ካቀረበለት ኮርስ አንጻር ነው። ምን እንዳልቀረበለት የሚያውቁት ግን የሚነግራቸው ወረቀት ካለ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከስኩል ፕሮፋይሉ ጀመርኩ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ከትራንስክሪፕት (ከተማሪው የውጤት መዝገብ) ጋር አያይዞ የሚልከው፣ ትምህርት ቤቱን የሚያስረዳ የአንድ ወይም የሁለት ገጽ ሰነድ ነው፤ በትንሽ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው፣ አለዚያም ጭራሹን የለም። አማካሪው የፈተና አስተባባሪም የክፍለ ጊዜ አውጪም በሆነበት ቦታ እስኪያዘጋጅ መጠበቅ አያዋጣም። ረቂቁን ራሴ ጽፌ፣ ማረጋገጡንና መላኩን ለእሱ ተውኩ። የተመራቂዎች ብዛት፣ የውጤት አሰጣጥ፣ ያሉት ኮርሶች በሙሉ፣ በየሁለት ዓመቱ ብቻ የሚሰጡት፣ በአንድ ሰዓት የሚጋጩት ሁሉ ይግቡ። ግጭቱን አለመርሳት ነው፤ ኬሚስትሪና ስፓኒሽ እኩል ሰዓት ላይ ከዋሉ፣ ዝርዝሩን የሚያየው አንባቢ ተማሪው አንዱን ሸሽቶ የተወው ይመስለዋል።

ክፍተቱን የሞላሁት ሃይስኩል እያለሁ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ) ኮርስ በመውሰድ ነው። ኢንጂነሪንግ ለሚያስብ ካልኩለስ ትልቅ ክብደት ስላለው፣ ጊዜውን ከኋላ ወደ ፊት ማስላት ይሻላል። ካልኩለስ በ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር እንዲወሰድ ለካልኩለስ የሚያዘጋጀው ፕሪካልኩለስ ከዚያ በፊት ባለው ሰመር ማለቅ አለበት፤ ለእሱ ደግሞ የምደባ ፈተና ካስፈለገ ከሰመሩ በፊት ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት አማካሪው በዓመቱ አጋማሽ በሚልከው ሚድየር ሪፖርት ለኮሌጆቹ ይደርሳል። የሁለተኛው ግን ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው። የሃይስኩል ተማሪ ብዙ ቦታ የሚመዘገበው ከመደበኛዎቹ በኋላ ስለሆነ የኦንላይን ክፍሎች ቀድመው ይሞላሉ፤ ሁለተኛ ምርጫ ይዞ መቅረብ ነው። ውጤቱ ቋሚ የኮሌጅ መዝገብ ላይ ስለሚቀር በአንድ ጊዜ ሦስት ኮርስ መደራረብን አልመክርም። የዚያ ኮሌጅ ትራንስክሪፕትም ለብቻው ይላካል፤ ሃይስኩሉ ይልክልኛል ብሎ መተው ብዙ ማመልከቻ ያጓድላል።

ኤፒን በራስ አጥንቶ መፈተንም ይቻላል፤ ፈተናው ሜይ ላይ ነው። የሚያስፈትን ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጎ ማግኘት ግን ኖቬምበር ላይ ፈተናዎቹ ከመታዘዛቸው በፊት ማለቅ አለበት፤ እኔ ኦገስት ላይ መደወል እላለሁ።

ብዙ ኮሌጆች በሚቀበሉት የጋራ የኦንላይን ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ ላይ ያለው ተጨማሪ መረጃ የሚጻፍበት ሳጥን ለእሮሮ አይደለም። "ትምህርት ቤታችን ፊዚክስ አይሰጥም፤ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወስጃለሁ" በቂ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ልጅ ደግሞ የማመልከቻ ክፍያ ነጻ እንዲሆንለት እዚያው ኮመን አፕ ላይ ይጠይቃል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ጎበዝ ተማሪዎችን ከኮሌጆች ሙሉ ስኮላርሺፕ ጋር የሚያገናኘው የኩዌስትብሪጅ ፕሮግራም ማመልከቻ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ስለሚዘጋ፣ መምህራንን የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ ያለበት 11ኛ ክፍል ሳያልቅ ነው። በ2023 የተቋቋመው ስታርስ የተባለው የኮሌጆች ኅብረት በተለይ ለገጠርና ለትናንሽ ከተማ ተማሪዎች የቆመ ነው፤ የአባል ኮሌጆቹን ዝርዝር አይቶ ለገጠር ተማሪዎች የተመደበውን የቅበላ ሠራተኛ በቀጥታ መጻፍ ይቻላል።