ቡና ጠጥቶ የተፈረደበት ሰውዬ

ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ያለኝ ነገር አለ፣ ልጻፈውና ይቅለለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ካፌ እየተገናኘን ስለ መጽሐፍ ምናወራ ልጆች አለን፣ ግማሾቻችን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ልንማር መጥተን እዚሁ የቀረን፣ ግማሾቹ ደሞ የከተማው ልጆች። የዚህ ወር መጽሐፍ የፈረንሳዊው ደራሲ የአልበር ካሙ «ዘ ስትሬንጀር» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 የታተመ፣ ያኔ በፈረንሳይ ስር በነበረችው አልጄሪያ፣ አልጀርስ ከተማ ሚኖር ሜርሶ ሚባል ተራ የቢሮ ሰራተኛ ታሪክ ነው። እናቱ አረጋውያን ማቆያ ውስጥ ትሞታለች፣ ሄዶ ይቀብራታል፣ አያለቅስም፣ በማግስቱ ዋና ይሄዳል፣ ማታ ከአንድ ሴት ጋር ሆኖ አስቂኝ ፊልም ያያል። ከዛ በኋላ አንድ ቀን ባህር ዳርቻ ላይ አንድ አረብ በሽጉጥ ይገላል። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን አቃቤ ህጉ ከግድያው ይልቅ ሙጭጭ ያለው እናቱን ሲቀብር ስላለማልቀሱ ነው።

ልጆቹ ስለ ህይወት ትርጉም አልባነት ምናምን ብዙ አወሩ፣ ጥሩ ወሬ ነበር፣ እኔን ይዞ ያስቀረኝ ግን ቡናው ነው። ሬሳው ያለበት ክፍል ቁጭ ብሎ ሲያድር የማቆያው ዘበኛ ቡና በወተት ላምጣልህ ወይ ይለዋል፣ እሺ ይላል፣ ይጠጣል፣ አብረው ያጨሳሉ። በቃ ይሄው ነው። በኋላ ዘበኛው ምስክር ሆኖ ይቺን ሲናገር አዳራሹ በሙሉ ይቀየርበታል። ቡናውን ያቀረበው ራሱ ዘበኛው እንደሆነ ሲታወቅ እንኳን አቃቤ ህጉ ምን አለ፣ ባዳ ቡና ቢጋብዝ ይችላል፣ ልጅ ግን በወለደችው እናቱ ሬሳ ፊት እምቢ ማለት ነበረበት አለ።

እስቲ ይሄንን ጅማ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። እዚህ እኮ ለቅሶ ቤት ሄዶ ቡና አልፈልግም ማለት ነው ሰው ሚያስቀይመው። ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ ጀበናው ተጥዷል፣ አንዷ ጎረቤት ረከቦቷን አንዷ ስኒዋን ይዛ ትመጣለች፣ ክርስቲያን ቤትም ይሁን ሙስሊም ቤት ልዩነት የለውም፣ ሀዘንተኛዋን ራሷን «በሞቴ፣ አንድ ስኒ ጉሮሮሽን አርጥቢበት» እያሉ ነው በልመና ሚያጠጧት። ማለቴ ሜርሶ እዚህ መርካቶ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ቡናውን ስለጠጣ ማንም አይፈርድበትም፣ እንዲያውም «ጎበዝ ልጅ፣ ጠንክር» ነበር ሚሉት። እንባው ላይ ግን አይምሩትም። እዛ ላይ እኛም ከአልጀርስ ችሎት አንሻልም፣ ይሄን ከልቤ ነው ምለው።

አያቴ ስትሞት አላለቀስኩም። ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ስለሷ ዛሬም ሳወራ ድምጼ ይቀየራል፣ ያን ቀን ግን እንባ የሚባል ነገር አልመጣም፣ በቃ ደረቅኩ፣ ትሪ ይዤ ከጓዳ ድንኳን ከድንኳን ጓዳ እመላለሳለሁ፣ አክስቶቼ ደረታቸውን ሲደቁ እኔ ስኒ እቆጥራለሁ። እና የሰው አይን ይሰማኛል። ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። አንዷ ዘመዳችን ጆሮዬ እንዲገባ አድርጋ «የዘንድሮ ልጆች ልባቸው ድንጋይ ነው» ስትል ሰማሁ፣ አጠገቧ ያሉትም ዞረው አዩኝ፣ እና በዛች ቅጽበት ተወልጄ ባደግኩበት ግቢ ውስጥ፣ ከእናቴ እህቶች መሀል፣ ማንም ማያውቀኝ ሰው ሆኜ ቆምኩ። ያኔ ከጎን ያሉት ጎረቤታችን፣ ሀደ (በኦሮምኛ እናት) ምላቸው፣ አያቴ ጋር ቡና ሲጣጡ የኖሩ እናት፣ ከነሻሻቸው ቀና ብለው «ተዋት እስቲ፣ ይቺ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ትሪውን ከእጄ ተቀበሉኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ለዛ ነው መጽሐፉ ውስጥ ሴሌስት ሚባለውን ሰውዬ ሳገኘው ልቤ የተነካው። ሜርሶ ሁሌ ምሳ ሚበላበት ምግብ ቤት ባለቤት ነው። ምስክርነት ሲጠራ የክት ልብሱን ለብሶ ይመጣል፣ ጓደኛዬ ነው ይላል፣ ይሄ ነገር በኔ እይታ ክፉ አጋጣሚ ነው ይላል፣ ሊቀጥል ይፈልጋል ቃል ግን ያጥረዋል፣ ዳኛው በቃህ ይሉታል፣ አይኑ እንባ አቅርሮ ምን ላድርግልህ በሚል ሁኔታ ወደ ሜርሶ ያያል። ሜርሶ ያኔ በህይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ ልስም አማረኝ ይላል። እና ሰዎች ይሄን ገጸ ባህሪ ስሜት የሌለው በድን አድርገው ሲያወሩ እኔ አልቀበልም፣ ያቺን ገጽ ዘለዋት ነው እላለሁ። ስሜት አለው፣ የጎደለው እሱን ሰው ፊት አውጥቶ ማሳየት ነው፣ ፍርድ ቤቱ ደሞ የጠየቀው ማሳየቱን ነው። ካሙ ራሱ በመኪና አደጋ እ.ኤ.አ. በጥር 1960 ሲሞት ሚጽፈው የነበረ ያላለቀ ልቦለድ ረቂቅ እዛው መኪናው ጋር ተገኝቷል፣ መታሰቢያነቱ ለእናቱ ነው፣ ይሄን መጽሐፍ መቼም ማንበብ ለማትችዪው ላንቺ ይላል። እናቱ ማንበብ አትችልም ነበር፣ ጆሮዋም በደንብ አይሰማም። እናቱን ሲቀብር ያላለቀሰ ሰው የፈጠረው ደራሲ ይሄ ነው።

ግን ቅዳሜ ለት ጎላ ያለ ጥያቄ ያነሳች አንዲት ልጅ ነበረች፣ የሞተውስ ሰውዬ ስሙ ማን ነው አለች። ሁላችንም ገለጥ ገለጥ አደረግን፣ የለም። አምስት ጥይት ነው የተተኮሰበት፣ አንድ ከዛ ትንሽ ቆይቶ አራት፣ መጽሐፉ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አረቡ» ነው ሚለው። ቤተሰቡ ችሎት መጥቶ አላለቀሰም፣ እናቱ አልተጠየቀችም። ይሄ ነገር ያንገበገበው ካሜል ዳውድ ሚባል አልጄሪያዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2013 መልስ ሚሆን ልቦለድ ጽፏል፣ የተገደለው ሰው ወንድም ሃሩን ቡና ቤት ቁጭ ብሎ አርጅቶ ይናገራል፣ ወንድሜ ሙሳ ይባል ነበር ይላል፣ ሬሳውን እንኳን አግኝተን አልቀበርነውም ይላል። እኔ ይሄንን ካወቅኩ በኋላ የካሙን መጽሐፍ እንደ በፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። ብቸኝነቱን በሚያምር ቋንቋ ሚነግረን ሰው ቢያንስ አፍ አለው፣ ጠበቃ አለው፣ የሚያደምጠው አንባቢ አለው፣ አሸዋው ላይ የወደቀው ሰውዬ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳን አልደረሰውም።

እና እዚህ ያለነውን አሰብኩ። የቡና ሰሞን ሲመጣ ስንት ሰው ነው ከጎረቤት ዞኖችም ከሩቅም ለለቀማ ወደዚህ ሚመጣው፣ ከተማ ውስጥ ደሞ መጋዘኖቹ ጋር ጆንያ ሚሸከሙ ልጆች፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ቡና ሚለቅሙ ሴቶች። ስማቸውን ማን ያውቃል? «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «ያ ልጅ»፣ ወይ በመጣበት ብሔር ስም ነው ሚጠራው። ጅማ እንግዳ ሚወድ ከተማ ነው፣ ይሄን ማንም አይክደኝም፣ ከየአገሩ የመጣ ተማሪ እዚህ ቤተሰብ አግኝቷል፣ እኔ የምኖርበት ሰፈር ስንት ቋንቋ እንደሚወራ ብትሰሙ ትገረማላችሁ። ግን ተማሪው ሲታመም ሾርባ ሚወስድለት ሰፈር ተሸካሚው ልጅ ሲታመም የት እንደሚያድር አያውቅም። ሁለቱም ከሩቅ መጥተዋል እኮ።

ከዛ ደሞ ወደራሳችን መጻሕፍት ሄድኩ፣ እኛ ጋ ባይተዋር ሆኖ የተጻፈው ማን ነው ብዬ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» ሚል ልቦለድ አሳትመዋል፣ ከሜርሶ ወደ አስር አመት ገደማ ይቀድማል። አወቀ ሚባል የተጉለት ልጅ ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ይመለሳል። እና ምን እንደገረመኝ ታውቃላችሁ፣ እሱንም ከዘመዶቹ ጋር ያጋጨው ሀዘን ነው! አባቱ ይሞታሉ፣ ተዝካር ይደገስ ሲሉት እንደዛ ያለ የመብልና የመጠጥ ድግስ አልደግስም ይላል፣ ዘመድ ይነሳበታል፣ ካህናቱ ይነሱበታል። አንዱ አልጀርስ አንዱ ተጉለት፣ ሁለቱም የተፈተኑት ሬሳ ፊት ነው። ሳስበው ደሞ ብዙም አይገርምም፣ ሰፈር በሙሉ አንድ ላይ ቁጭ ብሎ አንድን ሰው ትክ ብሎ ሚያይበት ሌላ ቦታ የት አለ፣ ሰርግ ላይ እንኳን ሁሉም በራሱ ጨዋታ ተይዟል።

ኅሩይ ከአወቀ ጋር ናቸው፣ ግልጽ ነው። እኔ ግን ልቤ ሁለት ቦታ ነው። ተዝካሩ ገበሬን ባዶ እንደሚያስቀር፣ ሰው ለሙት ብሎ በእዳ እንደሚሰምጥ አውቃለሁ፣ አወቀ ልክ ነው። ግን ዘመዶቹንም ሳያቸው ሆድ ይብሰኛል፣ ልጃቸው ስንት አመት ቆይቶ መጥቶ ሚያውቁትን የማፍቀሪያ መንገድ አልፈልግም ሲላቸው የፈሩት ድግሱ መቅረቱን ብቻ ይመስላችኋል? ልጁን ዳግም እንዳያጡት ነው የፈሩት። ኅሩይ ራሳቸው ደሞ ጣልያን አገሪቱን ሲይዝ ከንጉሡ ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ውስጥ በመስከረም 1931 ዓ.ም. አረፉ፣ ከአገራቸው ለቀስተኛ ርቀው። ይሄን ሳነብ ምን እንደምል አላውቅም፣ ዝም ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ጉዱ ካሳንማ ሁሉም ያውቀዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ 1958 ዓ.ም.። እሱ ፓሪስም የትም አልሄደም፣ እዛው ጎጃም ውስጥ ሆኖ ያየውን ስለተናገረ ብቻ እብድ ተባለ፣ ዛሬም ድረስ ሰው ለየት ያለ ነገር ሲናገር ጉዱ ካሳ ነው ሚባለው። ሀዲስ ዓለማየሁ ስሙን ለህዝብ ሰጥተውት ሄዱ።

ግን ልብ ብላችሁ እዩት፣ አወቀም ጉዱ ካሳም ወንድ ናቸው፣ የተማሩ ወይ ከጨዋ ቤት የሆኑ። እኔ አሁን በዙሪያዬ ማየው ባይተዋር ሌላ ሰው ነው። ከጅማ ዞን ገጠር ወደ አረብ አገር ስንት ሴት ልጅ እንደሄደች ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ሰው ያልላከ ቤት ማግኘት ሚከብድበት ቀበሌ አለ። ሰፈራችን ውስጥ አንዷ አመታት ሰርታ ተመለሰች። ብር እየላከች እስካለች ድረስ ቤቱ ውስጥ ስሟ ጸሎት ነበር፣ ቆርቆሮው የሷ፣ የወንድሟ ባጃጅ የሷ። ስትመለስ ታማ ነው የመጣችው፣ ብር የለም፣ እንቅልፍ የለም፣ ሌሊት በአረብኛ ታወራለች። መጀመሪያ አለቀሱላት፣ ከዛ ዝም አሏት፣ ከዛ ጓዳ ያለችው ክፍል ምግብ ማስገባት ጀመሩ። ፍራንዝ ካፍካ ሚባል ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1915 ያሳተመው ታሪክ ውስጥ ግሬጎር ሳምሳ ሚባለው ልጅ ቤተሰቡን በደሞዙ ሲያኖር ቆይቶ አንድ ጠዋት ነፍሳት ሆኖ ይነቃል፣ መስራት ካቆመ በኋላ ያቺው የሚወዳት እህቱ ሳትቀር ይሄ ነገር ከቤታችን ይውጣ ትላለች። ኮሌጅ እያለሁ ሳነበው በጣም እንግዳ ታሪክ ነበር፣ አሁን ያቺን ልጅ ካየሁ በኋላ ከነፍሳቱ በስተቀር ሁሉም ነገር ማውቀው ሰፈር ነው።

እሷን ሚመስል ገጸ ባህሪ በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ በሙሉ ልብ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ። ስታሳዝን ብቻ አይደለም፣ አሳዛኝ አድርጎ መጻፍማ ቀላል ነው። ቤሩት ወይ ጅዳ የሰው ኩሽና ውስጥ ስትስቅበት የነበረ ነገር ይኑራት፣ የተማረችው አረብኛ በህልሟም በቁጣዋም ይምጣ፣ እናቷን ትውደዳት ትጥላትም፣ ተመልሳ ስትመጣ የወንድሟን ባጃጅ አይታ ምን እንዳለች በራሷ አፍ ትንገረን፣ ጎረቤትም ከንፈር ሲመጥላት እሷ ውስጧ ምን እንደሚል እንስማ። ቀጣዩ ቅዳሜ «አዲስ ዓለም»ን ነው ምናነበው፣ ይሄንን ለልጆቹ አነሳላቸዋለሁ። በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ እንደዚህ አይነት ልቦለድ ምታውቁ ካላችሁ ርዕሱን ንገሩኝ፣ ጅማ ከሌለ አዲስ አበባ ሰው ልኬም ቢሆን አስመጣዋለሁ።