ፍላትቤድ 3ኛ ወር፦ የስትራፕ አጠቃለል እና የመጀመሪያዋ ፓሌቴ

ሰላም ልጆች፣ ፍላትቤድ (ጎንና ጣሪያ የሌለው የጭነት መኪና) ላይ እንደምንም 3 ወር ሞላኝ። ዴንቨር ያለው ጓደኛዬም ፍላትቤድ ሊጀምር ስለሆነ ዳላስ ስቶሬጅ ውስጥ ያጠራቀምኳቸውን ባለ 4 ኢንች ስትራፖች (የጭነት ማሰሪያ ቀበቶዎች) ልላክለት ብዬ ሳጥኑን ስከፍተው፣ ወይኔ ሽታው! ዝናብ ላይ ፈትቼ እርጥቡን ጠቅልዬ የወረወርኩት ሁሉ ሻግቷል፣ የመንጠቆው ዝገት ጨርቁ ላይ ታትሟል። ፖሊስተሩ ራሱ ውሃ ብዙ አይጠጣም፣ እርጥበቱን የሚይዘው ጭቃና አቧራው ነው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቤ ጥላ ላይ አሰጣሁት፣ ፀሐይ ክሩን ይበላዋላ። በረኪና እንዳትነኩ።

ከዛ ታግ (ስትራፑ ስንት እንደሚችል የተጻፈበት ምልክት) የሚባለው ጣጣ መጣ። እኔ መንጠቆው ከላይ እንዲቀር አድርጌ ነው የምጠቀልለው፣ ሎድ (ጭነቱ) ላይ ስወረውር ስለሚቀለኝ፣ ግን ታጉም እዛው መንጠቆው አጠገብ ስለሆነ ከሌላው ጋር ሲፋተግ ይላጣል። 5,400 ፓውንድ የሚል ታግ የነበረው ስትራፕ ታጉ ከጠፋ በዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መስሪያ ቤት) ሂሳብ 4,000 ብቻ ነው የሚቆጠረው። 40,000 ፓውንድ ሎድ ላይ የስትራፖቹ አቅም ተደምሮ ቢያንስ ግማሹን መሙላት ስላለበት፣ የሁሉም ታግ ከጠፋ በክብደት ብቻ 4 ይበቃ የነበረው 5 ሊሆን ነው ማለት ነው። አሁን ታጉን ወደ ውስጥ አጥፌ በላስቲክ አስረዋለሁ።

ስትራፖቹን በላክሁባት ፓሌት (ዕቃ የሚከመርበት የእንጨት ርብራብ) ላይ ነው እንግዲህ የተቀጣሁት። በእጄ ልል ልል አድርጌ ጠቅልዬ ከምሬ በሽሪንክ ራፕ (በመጠቅለያ ላስቲክ) ጠቀለልኩት፣ ጎኑ ከፓሌቱ ጠርዝ ወጥቶ አብጦ ነበር፣ እኔ ግን ፓሌቱን ብቻ ለክቼ 48 በ40 ኢንች ብዬ ቢኦኤሉ (የጭነት ሰነዱ) ላይ ሞላሁ። ተርሚናል (የጭነት ድርጅቱ ግቢ) ላይ እነሱ የሚለኩት በጣም የወጣውን ጫፍ ነው፣ ተጨማሪ ቢል መጣልኝ ዝም ብዬ ከፈልኩ ምን ይባላል።

ለሁለተኛዋ ፓሌት ዊንደር (የስትራፕ ማጠቅለያ) ተዋስኩ። 400 ፓውንድ 48 በ40 ላይ በ36 ኢንች ከፍታ ቢቆም 40 ኪዩቢክ ጫማ ነው፣ ለአንዱ ኪዩቢክ ጫማ 10 ፓውንድ ይደርሰዋል፤ ያንኑ አጥብቄ 24 ኢንች ላይ ስጨርሰው ወደ 15 ገባ። ዋጋውን በዚሁ በዴንሲቲ (በእፍጋቱ) ስላሰሉልኝ ክላሱ (የዋጋ ደረጃው) ወረደ። ሊፍትጌት (ዕቃ ከመኪና የሚያወርድ ማንሻ) ደግሞ ለብቻው ስለሚያስከፍሉ ጓደኛዬ በፒካፕ ሄዶ ከተርሚናሉ አነሳው።

ማታ ደወለልኝ፣ አንዷን ታግ የሌላትን አግኝቶ «ይቺንስ ለፍራሽ ማሰሪያ ነው የላክልኝ?»