የዓይንጋዲ እርግማን

በመጨረሻ ዓይንጋዲ ሄጄ እርግማን የተጻፈበትን ወለል አየሁት። ሙት ባሕር ዳር ነው፣ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ወደ ፏፏቴው ይጎርፋል ጥንታዊው ምኩራብ ጋ ግን ብዙም ሰው የለም፣ እኔ ደግሞ የሄድኩት ለሱ ነው።

የዛሬ 1500 ዓመት ገደማ እዚህ የነበሩት አይሁዶች ጥቃቅን ድንጋይ ደርድረው ወለላቸው ላይ ጽፈዋል፣ መጀመሪያ ከአዳም እስከ ያፌት ያሉትን አባቶች፣ ከዛ የ12ቱን ኮከቦች ስም (ቤት አልፋ በሚባለው ሌላ ጥንታዊ ምኩራብ ላይ በስዕል ነው የሠሯቸው፣ እነዚህ ግን ስም ብቻ፣ ጠበቅ ያሉ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም)፣ ከዛ ወራቱን፣ ከዛ በአራማይክ እርግማኑ ይመጣል።

ሁሉም የሚያወራው የመንደሩን ምስጢር ለባዕድ ስለሚያወጣው ሰው ነው። ምስጢሩ በለሳን ነው ይላሉ ብዙዎቹ ምሁራን፣ ያ ውድ ሽቶና መድኃኒት የሚሠራበት ተክል። እኔ ግን ከላይ ጀምሬ ሳየው ምስጢሩ መጨረሻ ላይ ነው ያለው! ሰውን ከጓደኛው ያጣላ፣ ጓደኛውን ባዕድ ፊት ያማ፣ የጓደኛውን ንብረት የሰረቀ፣ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው ምስጢር ያወጣ የሚለው። ቁርጥ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ። ቅጣቱ ግን ብር አይደለም፣ ሰውየውም ዘሩም ከሰማይ በታች ይነቀሉ ነው የሚለው፣ ሕዝቡም ሁለቴ አሜን ይላል። እና እኔን የገረመኝ በለሳኑ ሳይሆን እዛች መንደር ውስጥ ሐሜቱ ምን ያህል ቢብስባቸው ነው ጸሎት ቤት ወለል ላይ እስከመጻፍ የደረሱት?

መንደሩ በእሳት ነው የጠፋው። እ.ኤ.አ በ1970 ሲቆፈር ከምኩራቡ ከሰል የመሰለ ጥቅልል ተገኘ፣ ከነኩት ይፈርሳል፣ ስለዚህ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በ2015 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ብሬንት ሲልስና ባልደረቦቹ በሲቲ ስካን ሳይገልጡት አነበቡት፣ የኦሪት ዘሌዋውያን መጀመሪያ ሆኖ ተገኘ፣ ስለ ወይፈን መሥዋዕት የሚያወራው። የኛ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ሽማግሌዎች ጎንደር እያሉ የፋሲካ በግ ሲታረድ ያዩ ናቸው፣ እና ለእናቴ በስልክ ስነግራት ከስካኑ ይልቅ ወይፈኑ እንዴት እንደሚገፈፍ ልታስረዳኝ ጀመረች።

ስለ በለሳኑም ነገርኳት፣ የ1ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ሥሩን ለሰሎሞን ያመጣችለት የግብጽና የኢትዮጵያ ንግሥት ናት ይባላል ብሎ ጽፏል አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ታዲያ ከኛ ወስደው ነው እኛኑ ባዕድ ብለው የሚረግሙን?" አለችኝ።