ሾፌሩ እንግዳ ሲሆን፦ ወፍ ፍለጋ ከባራትፑር እስከ ፓክ ታሌ

ስምንት ዓመት ሙሉ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ይዤ ዞሬያለሁ። ሥራዬ መኪና መንዳት ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ያቤሎ፣ ከሱሉልታ እስከ ባሌ፣ "ቁም" ሲሉኝ እቆማለሁ፣ "ቀስ" ሲሉኝ ቀስ እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ አይገባኝም ነበር። ሰው ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ ቁራ ሲያይ እንባው ይመጣል? በኋላ አንዱ እንግዳ ወደ አገሩ ሲመለስ የራሱን ባይኖኩላር ትቶልኝ ሄደ። 8 በ42 የሚባለው ዓይነት ነው። ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ የፊቱ መስታወት ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያው ተለከፍኩ።

እንግዶቼን ግን በሆዴ እታዘባቸው ነበር። ሲበዛ ይቸኩላሉ። ወፏን አይተው ዝርዝራቸው ላይ ምልክት ያደርጉና ገና ሳታርፍ "እንሂድ" ይሉኛል። እኔ አንድ ቀን ከሄድኩ እንዲህ አልሆንም እል ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ጉርሻ በጉርሻ ላይ አጠራቅሜ፣ በታኅሣሥ ወር ለዘጠኝ ቀን ህንድ ልሄድ ተነሳሁ። ስልኬ ላይ ሰንጠረዥ ሠራሁ፦ ባራትፑር፣ የቻምባል ወንዝ፣ ራንታምቦር፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ወጥቼ ኮርቤት። በዘጠኝ ቀን አራት ቦታ! አንድ እንግዳ ይህን ፕሮግራም ይዞ ቢመጣብኝ በሳቅ እሞት ነበር። ካርታ ላይ ሁሉም ጎረቤት ይመስላል።

ከመነሳቴ በፊት ስለ ሁለት ነገር ልናገር። አንደኛው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከኢትዮጵያ ተነስቶ ህንድም ሆነ ታይላንድ የሚገባ ሰው ይጠየቃል። እኔ ቤት ረስቼው ታናሽ ወንድሜ በታክሲ እየበረረ ቦሌ ድረስ አመጣልኝ። ሁለተኛው ልብስ ነው። ህንድ ሲባል እኔ የማውቀው ሙቀት ነው። ሁለት ቲሸርትና አንድ ስስ ሹራብ ይዤ ሄድኩ። የሰሜን ህንድ የታኅሣሥ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ጠዋት አይተናነስም። በብስክሌት የሚነዳ ክፍት ጋሪ፣ ሪክሾ ላይ ተቀምጣችሁ ደግሞ አስቡት። በመጀመሪያው ቀን ገበያ ወጥቼ ጋቢ የመሰለ የሱፍ ልብስ ገዛሁ፣ እስከ መጨረሻው ከትከሻዬ አልወረደም።

ከዴልሂ ባራትፑር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቡሩ በጉም ምክንያት ሰባት ሰዓት ዘገየ። በዚያ ወቅት በሰሜን ህንድ ጉም ሲወርድ ባቡርም አውሮፕላንም እንደሚቆም የሚያውቅ ያውቃል። እኔ አላውቅም ነበር። ሰንጠረዤ ገና በመጀመሪያው ቀን ተበላሸ።

ባራትፑር ያለው የኬኦላዴኦ ብሔራዊ ፓርክ ስፋቱ 29 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ረግረግ፣ ግራርና ሣር። ጥንት የባራትፑር ገዢዎች ዳክዬ የሚያድኑበት ቦታ ነበር። ውስጥ ገብታችሁ ስትሄዱ የአደኑ ቀንና የተገደለው ብዛት የተጻፈባቸው የድንጋይ ሰሌዳዎች አሉ። በፈረንጆች 1938 የህንድ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ሊንሊትጎ በመጣበት ዕለት የወደቀው 4273 ወፍ ነው። በአንድ ቀን! ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዛሬ ቦታው የዓለም ቅርስ ነው፣ ከፈረንጆች 1985 ጀምሮ።

ፓርኩ ውስጥ በራስ መኪና አይዞርም። በእግር፣ በብስክሌት ወይም በሪክሾ ነው። የሪክሾ ነጂዎቹ ወፍ እንዲያውቁ ሥልጠና ወስደዋል። የእኔ ነጂ ስልሳ ዓመት የሚጠጉ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው፣ የወፍ ስም ላይ ሲደርሱ ግን ሳይንሳዊውን ጭምር ያወርዱታል። "አንቱ" ማለት ለምዶብኝ በእንግሊዝኛ ሳናግራቸው የሆነ ነገር ይጎድለኝ ነበር። የራሴን ሥራ የሚሠራ ሰው ኋላ መቀመጥ ደግሞ ከብዶኝ ነበር። ዳገት ባይሆንም ወርጄ ልግፋ እላለሁ። ይስቁብኛል።

የመጀመሪያውን ሰዓት ምን ላይ አጠፋሁት መሰላችሁ? አካፋ አፍ ዳክዬ ላይ። እዚያው ቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ በየክረምታቸው የምትመጣውን ዳክዬ! ከሰሜን ሲበርዳቸው ግማሹ ወደ እኛ፣ ግማሹ ወደ ህንድ ይወርዳል። ባዕድ አገር የአገር ልጅ ያየሁ መሰለኝና በፎቶ አጣደፍኳት። ሽማግሌው በትዕግሥት ጠበቁኝ። ከዚያ በጣታቸው ከኋላዬ ያለውን ዛፍ አሳዩኝ። ዛፉ ሙሉ በሽመላ ጎጆ ተሞልቷል። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው ነገር የተገለበጠው። ጉሙ ገና አልተገለጠም። ሽማግሌው ድንገት ፍሬን ያዙና አፋቸው ላይ ጣት አደረጉ። ምንም አይታየኝም። ድምፅ መጣ፣ መለከት የመሰለ፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየተቀበለ። ጉሙ እንደ መጋረጃ ትንሽ ከፈት ሲል ሳረስ ክሬን የሚባሉ ሁለት ወፎች ቆመዋል። ግራጫ ሰውነት፣ አንገታቸው ላይኛው ክፍልና ራሳቸው ቀይ። ከሚበሩ ወፎች ሁሉ ረጅሟ ይህች ናት፣ እስከ 1 ሜትር ከ80 ትደርሳለች። ከእኔ ቁመት ትበልጣለች ማለት ነው። ወንዱ ክንፉን ከጀርባው ከፍ አድርጎ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቀለ፣ ሴቷ ተከተለች። ባይኖኩላሩን ማንሳት ረሳሁ። ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ክሬን አወሩኝ፣ ስለ ነጩ የሳይቤሪያ ክሬን። ድሮ በየዓመቱ ይመጡ ነበር። በሚያልፉበት አገር ሲታደኑ፣ የሚያርፉበት ውኃ ሲደርቅ፣ ቁጥራቸው እየሳሳ ሄደ። እዚህ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት በፈረንጆች 2002 ነው። "እዚያ ጋ ነበሩ" ብለው ባዶውን ውኃ አሳዩኝ። ባዶ ውኃ ላይ ባይኖኩላር ማነጣጠር ደስ አይልም፣ ግን አነጣጠርኩ።

በዚያ ማታ ራንታምቦርንም ኮርቤትንም ሰረዝኩ። የአንዱ ማረፊያ ቀብድ ተበላብኝ። ይብላኝ ለቀብዱ። ከተረፉኝ ቀናት አምስቱን ባራትፑር አሳለፍኩ፣ አንዱን ቀን ብቻ ቻምባል ወንዝ ላይ። በሦስተኛው ቀን ሁለቴ ያለፍኩት ዛፍ ላይ ጉጉት እንዳለ አየሁ። ግንዱን መስሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ሽማግሌው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቃሉ። ለምን አልነገሩኝም ስላቸው "ቸኩለህ ነበር" አሉኝ። ይህን መልስ እኔም ለእንግዶቼ ስንቴ በልቤ ሰጥቻለሁ።

በዓመቱ፣ ጥር ላይ፣ ታይላንድ ሄድኩ። አሁን ብልጥ ሆኛለሁ፦ ሰባት ቀን፣ ሁለት ቦታ፣ ሁለቱም ፔቻቡሪ ክፍለ ሀገር ውስጥ። ከመሄዴ በፊት ኢበርድ በሚባለው ነጻ መተግበሪያ ላይ በዚያ ሰሞን ምን የት እንደታየ አየሁ። ይህ ብቻውን የሁለት ቀን ልፋት ያድናል።

መጀመሪያ ካንግ ክራቻን ጫካ ዳር። እዚያ ገበሬዎች መሬታቸው ላይ መደበቂያ ሠርተው ያከራያሉ። ጨርቅ ተወጥሯል፣ ለካሜራ ቀዳዳ አለው፣ ፊት ለፊት ትንሽ የውኃ ገንዳ። ከፍላችሁ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ወፎቹ ሊጠጡ ይመጣሉ። ስንት ሰዓት? እነሱ እስኪጠማቸው። ከጎኔ የእጅ ርዝመት የሚያክል ሌንስ የያዙ አራት ሰዎች አሉ። ማንም አይተነፍስም። ከሁለት ሰዓት በኋላ የሳይቤሪያ ሰማያዊ ሮቢን መጣ። ጀርባው ጥልቅ ሰማያዊ፣ ሆዱ ወተት፣ ጅራቱ ብርድ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል። ልክ ውኃው ጫፍ ሲደርስ ስልኬ ጮኸ።

እናቴ ናት። በኢሞ።

ወፉ ጠፋ። አራቱ ሌንሶች ወደ እኔ ዞሩ። ድምፁን ላጠፋ ስታገል ጭራሽ ተከፈተና "አቤት ልጄ! በላህ ወይ?" የሚለው ድምፅ ጫካውን ሞላው። "እማዬ፣ ወፍ እያየሁ ነው፣ በኋላ" አልኩ በሹክሹክታ። "እዚህ ወፍ ጠፍቶ ነው?" አለችኝ። ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ምንም አልመጣም። ለሰዎቹ ምሳ ጋበዝኩ፣ ሌላ ምን ይደረጋል።

ከዚያ ፓክ ታሌ። ባሕሩ ዳር ያለ የጨው ማምረቻ ነው። ውኃ የተኛባቸው አራት ማዕዘን መደቦች ተደርድረዋል፣ ሠራተኞቹ ነጩን ጨው በረጅም እንጨት እየሳቡ ይቆልላሉ። የሄድኩት ለአንዲት ወፍ ነው፣ አፏ ማንኪያ ለሚመስለው ትንሿ የባሕር ዳር ወፍ። ድንቢጥ በትንሹ ትበልጣለች። የምትፈለፍለው በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ነው፣ ወደ 8000 ኪሎ ሜትር በርራ እዚህ ትከርማለች። በዓለም ላይ የቀሩት ከ1000 በታች ናቸው። መንገድ ላይ የምታርፍበት የቢጫ ባሕር ጭቃማ ዳርቻ በግንባታ ተበልቷል፣ ወጥመድም አለ።

ችግሩ፣ መደቡ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ግራጫ ትናንሽ ወፎች አሉ። ሁሉም አንድ ናቸው። ሦስት ሰዓት ሙሉ በተከራየሁት ቴሌስኮፕ አፍ በአፍ ስመረምር ቆየሁ። ማንኪያ የለም። ፀሐዩ ውኃው ላይ እያንጸባረቀ ዓይኔን አቃጠለኝ። እዚያው የነበረች የአካባቢው ወጣት አስጎብኚ አዘነችልኝ መሰለኝ ጠጋ አለችና "አፍ አትፈልግ። ከጎን ስታያት ማንኪያው አይታይም፣ እንደ ሌሎቹ ቀጭን ነው። አበላሏን ፈልግ" አለችኝ። ሌሎቹ እየሮጡ ቆም፣ ነቆር ያደርጋሉ። እሷ አንገቷን ደፍታ ግራ ቀኝ ትጠርጋለች፣ ወለል እንደሚወለውል ሰው።

ባይኖኩላሩን አነሳሁ። ቴሌስኮፑ ይቅር አልኩ፣ ሰፋ አድርጎ ማየት ይሻላል። አሥር ደቂቃ አልሞላም። አንዷ ቀና አትልም። ትጠርጋለች፣ ትጠርጋለች። ቴሌስኮፑን አዞርኩባት። ለቅጽበት ወደ እኔ ፊቷን መለሰች። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ጫፉ የሰፋ። የሻይ ማንኪያ። ያቤሎ ላይ ቁራ አይቶ ያለቀሰው እንግዳዬ ትዝ አለኝ፣ ይቅርታ ልለው ወደድኩ።

ማታ ሆቴል ገብቼ ያነሳሁትን ፎቶ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

"ይቺ ድንቢጥ ናት እንዴ?"

"ኧረ እማዬ፣ አፏ ማንኪያ ነው።"

ትንሽ ዝም አለች። ፎቶውን በጣቷ እያሰፋች እንደሆነ ገባኝ።

"ታዲያ ማንኪያው የታለ?"

"ከጎን ስለሆነች አይታይም።"