ሬዲዮኑን የነካሁት እኔ አይደለሁም

ሰሞኑን ለገጣፎ፣ ወንድሜ ቤት ነኝ። ቤቱ ያለበት ቦታ እኔ ስሄድ የጤፍ ማሳ ነበር። እማዬ ከጠዋት ጀምራ ሸገር 102.1 ከፍታለች። አንቴናው ተሰብሮ ሽቦ የታሰረበት ያው የድሮ ሬዲዮ ነው። በ1994 ከአገር ስወጣ ሸገር ገና አልተከፈተም ነበር፤ ያኔ ኤፍ ኤም ማለት 97.1 ነበር።

ቡና እየተጠጣ የወንድሜ ልጅ ጠየቀኝ። ዲቪ ሞልቶ እየጠበቀ ነው።

«ጋሼ፣ ታክሲ ስትነዳ ምን ታዳምጥ ነበር?»

«ሮክ» አልኩት። ከጓደኞቹ ጋር ተሳሳቁ። «ጩኸት እኮ ነው!»

እኔም መጀመሪያ ጩኸት ነበር የመሰለኝ። ግን ዋሽንግተን ውስጥ ሬዲዮ የሚያስከፍተው ተሳፋሪው ነው። 99.1 ላይ ኤች ኤፍ ኤስ የሚባል የሮክ ጣቢያ ነበር። ጆሮዬ ለእንግሊዝኛ የተከፈተው በእሱ ነው፤ በአቅራቢዎቹ ወሬና በተሳፋሪዎች ክርክር።

ክርክሩ ማለቂያ የለውም። ሽማግሌዎቹ ጣቢያው ዋሽንግተን አጠገብ ቤተስዳ ሳለ፣ 102.3 ላይ የነበረውን ነው የሚናፍቁት። ያኔ አቅራቢው ራሱ ያመነበትን ሸክላ ያጫውት ነበር፣ በፈረንጆቹ 1983 ወደ አናፖሊስ ከተዛወረ ወዲህ ግን ነፍስ የለውም ይላሉ። ጎልማሶቹ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። ለእነሱ ጣቢያው ማለት የፈረንጆቹ 1990ዎቹ ነው፤ የዋሽንግተኑ አርኤፍኬ ስታዲየም ሞልቶ የጣቢያው የሙዚቃ ፌስቲቫል ሲካሄድ። ወጣቶቹ ደግሞ ያው ዘፈን ተደጋገመብን ባዮች ናቸው። እኛስ የጥላሁን ዘመን፣ የአስቴር ዘመን እያልን አይደል የምንጨቃጨቀው?

ጃንዋሪ 12፣ 2005። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጣቢያው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ስፓኒሽ ሆነ። ስሙም ኤል ዞል ተባለ። በአካባቢው የላቲኖ ሕዝብ በጣም በዝቶ ነበር፤ ባለቤቱ ኩባንያ ገበያውን ተከተለ።

ያን ቀን ከሰዓት አንዲት ሴት አሳፈርኩ። 99.1 ክፈትልኝ አለችኝ። ከፈትኩ። ሳልሳ ነው። ሌላ ጣቢያ የከፈትኩባት መሰላት። ቁጥሩን አሳየኋት። ዝም አለች። ከዚያ «እናንተ መጥታችሁ የማትለውጡት ነገር የለም» አለችኝ። እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ስፓኒሽ አልችልም አልኳት። «ያው ነው» አለች። ስትወርድ ብሩን እጄ ላይ አላኖረችውም። ከፊት ወንበር ላይ ወረወረችው። ሳንቲሞቹ ከወንበሩ ስር ገቡ፤ ጎንበስ ብዬ ለቀምኳቸው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን ብሩ አይደለም። እሷ የቀማኋት መሰላት። እኔም እኮ ተቀምቼ ነበር! ይህ ጥቁር ስደተኛ ያን ጣቢያ ይወደው ይሆን ብላ ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰበችም።

አድማጮቹ ዝም አላሉም። ተቃወሙ፣ ፊርማ አሰባሰቡ። በቀናት ውስጥ ስሙ በባልቲሞሩ 105.7 ላይ ተመለሰ፤ ማታ ማታና ቅዳሜና እሁድ ብቻ። እየተቆራረጠም ቢሆን እሰማው ነበር።

ዲቪ የምትጠብቁ ልጆች፣ ምከረን ካላችሁኝ ይሄው። እዚያ ስትደርሱ ከአበሻ ሬዲዮና ከአበሻ ሰፈር ጋር ብቻ አትጣበቁ። የአገሩን ሰው ሬዲዮ ስሙ። ቀልዱም፣ ቁጣውም፣ ቁጭቱም እዚያ ነው ያለው። በመጣችሁ በማግስቱ፣ ባልነካችሁት ነገር ጣት ሊቀሰርባችሁ ይችላል። ያን ቀን የምትመልሱበት ቋንቋ ይኑራችሁ። እኔ ቃል አጥሮኝ ዝም ያልኩት ዝምታ ሃያ ዓመት ሙሉ አብሮኝ አለ።

ይህን ሁሉ ስነግራቸው የወንድሜ ልጅ ዝም ብሎ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ሬዲዮው ሰደደና 99.1 ላይ ምን እንዳለ ለማየት ቁልፉን አዞረው። ሬዲዮው ሽሽሽ አለ።

«ማነው የነካው?» አለች እማዬ ከጓዳ። «አሜሪካኑ ነው አይደል?»

«እኔ አይደለሁም፣ እማዬ» አልኳት።