የሐረር ፔጆ 404 በ504 ሞተር፦ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ውሃ፣ ጉልበት በመጨረሻ

አሜሪካኖች "ሆት ሮድ" የሚሉት ሥራ መነሻው ቀላል ነው። እንደ እ.ኤ.አ. የ1932ቱ ፎርድ ያለ ቀላል አሮጌ ባለ ሁለት በር መኪና ይወሰድና ከዚያው ፋብሪካ ወይም ከቅርብ ዘመዱ የተገኘ የተሻለ ሞተር ይገባበታል። እኛ ዘንድ ያ ፎርድ የለም። ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ የቆመው ግን ፔጆ 404 ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ከእሱ የሚመች አሮጌ መኪና በአካባቢያችን አላውቅም። መልኩን ፒኒንፋሪና አወጣለት፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ ገባ፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 አሸነፈ። ታናሽ ወንድሙ 504 ደግሞ ሞተሩን ከዚያው ዘር ወርሶ አሳድጎታል።

ሥራውን ሁሉ የሚወስነው የደንገጎ መንገድ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1885 ላይ። በመሃል መንገዱ ተጠማዝዞ ደንገጎ ላይ ከ2000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሽቅብ ሲሄዱ ሞተር ይፈላል፣ ቁልቁል ሲመለሱ ፍሬን ይግላል። ስለዚህ ሞተር ከመግዛት በፊት ፍሬን ይሠራል። ይህን ቅደም ተከተል የሚገለብጥ ሰው ብዙ ነው፤ ፈጽሞ አልስማማበትም።

የመጀመሪያዎቹ 404ዎች አራቱም ጎማ ታምቡሮ (ከውስጥ የሚያዝ ከበሮ መሰል ፍሬን) ነው፤ የፍሬኑም መስመር አንድ ብቻ ነው። አንድ ጎሚኒ (ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይቱን የሚያግድ ላስቲክ) ከተቀደደ የአራቱም ፍሬን አብሮ ይሄዳል። የጎማ ሲሊንደሮቹን ሁሉ ፈቱና ውስጣቸውን በጣት ዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ሲሊንደሩ ይቀየር፤ አዲስ ጎሚኒ በተበላ ሲሊንደር ላይ ወር አይሞላም። ታምቡሮ ቶርኖ (የብረት መላጫ ማሽን) ላይ ሲወጣ የግራውና የቀኙ አንድ ልክ መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተላጠ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ ሰው ደግሞ ጥፋቱን መሪ ላይ ይፈልጋል። የፍሬን ሸራውም ሙሉ በሙሉ ታምቡሮውን መንካት አለበት። ሸራው ላይ ጠመኔ ቀቡና ታምቡሮውን ገጥማችሁ አንድ ዙር አዙሩ፤ ጠመኔው ጫፍና ጫፍ ላይ ብቻ ከለቀቀ መሃሉ አይሠራም ማለት ነው።

ከዚህ የሚሻለው ከእ.ኤ.አ. 1968 መጨረሻ ወዲህ ከተሠራ 404 የፊት ዲስኩን ከነአሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ማዛወር ነው። ማስተሩም (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬኑን ዘይት የሚገፋው ሲሊንደር) አብሮ ይምጣ። የታምቡሮ መስመር ውስጥ ጥቂት ግፊት የሚያስቀር ቫልቮላ አለ፤ እሱ ሳይነሳ እዚያው ከቆየ ፍሬኑ ዲስኩን ሳይለቅ ይዞት ይሄዳል፣ መኪናውም ይከብዳል፣ ጎማው ያቃጥላል። የፍሬን ዘይት ዶት 4 ይሁን። አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ይወርዳል። ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ በርካሽም ቢሆን አይገዛም።

ቀጥሎ ውሃ። ሐረር ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ እንጂ 100 ላይ አይደለም። ይህ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛው፣ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን ባሕር ዳርቻ ላይ ባይጎዳም ደንገጎ ላይ መኪናውን ያስቆማል፤ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ይቀየር። ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቮላ) ድስት ውስጥ ተጥዶ ሲሞከር 82 የተጻፈበት መከፈት ይጀምራል፣ ሙሉ የሚከፈተው ግን ከዚያ አሥር ዲግሪ ገደማ በላይ ስለሆነ ሐረር ላይ ድስቱ ፈልቶም ቴርሞስታቱ አፉን እስከ መጨረሻው ላይከፍት ይችላል። ሞተ ተብሎ የሚጣለው ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ጨርሶ አውጥቶ መንዳትም መፍትሔ አይደለም። የሐረር ጧት ቀዝቃዛ ነው፤ ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ያወርዳል፣ ፋሻውንም ይበላል።

የድሬዳዋ ውሃ ኖራ አለው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ራዲያተሩም ውስጥ፣ በካሚቻዎቹም (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው እጅጌዎች) ዙሪያ ይጋገራል። ራዲያተሩ ላይና ታቹ ተከፍቶ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ በሽቦ ይጠረጉ፤ በአሲድ ብቻ ማጠብ ሌላው ተዘግቶ ሳለ ክፍቱን ቱቦ ይበሳዋል። 2 ሊትር ሞተር የሚገባ ከሆነ ባለ ሦስት ረድፍ ልብ (የራዲያተሩ የቱቦ ክፍል) አስገቡ። ከዚያ በኋላ የተጣራ ውሃ ከሲሶ እስከ ግማሽ አንቲፍሪዝ ተቀላቅሎበት ይሞላል። እዚህ በረዶ የለም ብላችሁ አትለፉት። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ነው፤ ጥሬ ውሃ በሁለቱ መካከል ቴስታታውን ይበላዋል።

የ404 ቬንትሌተር (ማራገቢያ) ራሱን የሚያጠፋና የሚያበራ ነው። በኤሌክትሪክ ማግኔት ይያዛል፣ ትዕዛዙን የሚሰጠው የሙቀት ስዊች ነው። ለማግኔቱ ኮረንቲ የሚያደርሰው ካርቦን ካለቀ ወይም ሽቦው ከተበጠሰ ቬንትሌተሩ በነፋስ እየዞረ የሚሠራ ይመስላል፣ አየር ግን አይስብም። ሞተሩ ግሎ ሳለ አጥፉትና በእጅ አዙሩት፤ ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሱ የቁልፉን ስዊች አብሩና እንደገና አዙሩት፤ ያኔ ካልከበደ ማግኔቱ አልያዘም። በማግኔቱና በሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት 0.35 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

አሁን ሞተሩ። የ404 ሞተር 1618 ሲሲ ነው፣ የሲሊንደሩ ስፋት 84፣ የፒስተኑ ጉዞ 73 ሚሊሜትር። የ504 ትልቁ ባለ አራት ሲሊንደር የካርቡሬተር ሞተር 1971 ሲሲ ነው፣ 88 በ81። አየር ሐረር ላይ በባሕር ወለል ካለው ክብደት 83 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ያለው። 1971ን በዚህ ብታባዙ 1636 ይሆናል። ሐረር ላይ 2 ሊትሩ የሚተነፍሰው፣ ፋብሪካው የሰጠው 1618 ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚተነፍሰው ጋር እኩል ነው ማለት ነው። መኪናው ላይ የምንጨምረው ጉልበት ከፍታው የወሰደበትን መመለስ ነው። ማርሹንም ዲፈረንሻሉንም ሳይሰብር የሚሠራው ለዚህ ነው። ከዚህ በላይ የናፍጣ ሞተር ወይም ሌላ ባዕድ ሞተር ለማስገባት መስቀለኛውን ብረት መቁረጥ አልመክርም። 404 ለብቻው የቆመ ቻሲስ የለውም፤ ጉልበቱ አካሉ ራሱ ነው፣ የተቆረጠ ቦታ ሲጫን በሮቹ አልገጥም ይላሉ።

ሁለቱም ሞተሮች 45 ዲግሪ ዘንበል ብለው ይቀመጣሉ። ግን 504ቱን ከማውረዳችሁ በፊት ኮፓውን (ከሥር ያለውን የዘይት ሳህን) ከመስቀለኛው ብረት ጋር ለኩ፤ ከተጋጨ የ404ቱ ኮፓ ከነዘይት መምጠጫው ይዛወር። ፍሪሲዮኑ ላይ የዲስኩ ጥርስ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር፣ ቮላኖውም (ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ መዞሪያ) ከፕሌቱ ጋር መግጠሙን መሬት ላይ ሳሉ ሞክሩ። መኪና ሥር ተኝቶ ማወቅ ሁለት ቀን ያስበላል።

ካሚቻዎቹ ዙሪያቸውን ውሃ የሚነካቸውና ተነቃቃይ ናቸው። ይህን ሞተር የሚገድለውም የሚያድነውም እዚህ ላይ ያለው ጥንቃቄ ነው። ቴስታታው እንደወረደ ሞተሩን በፍጹም አታዙሩ፤ ፒስተኑ ካሚቻውን ይዞት ይነሳል፣ ከታች ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይላቀቃል፣ ከዚያ ውሃ ኮፓ ውስጥ ይገባል። ማዞር ግድ ከሆነ ካሚቻዎቹን በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ወደ ታች እሰሩ። ሲገጠሙ ጫፋቸው ከብሎኩ ፊት በመቶኛ ሚሊሜትሮች ከፍ ማለት አለበት። ቀጥ ያለ ብረት አጋድሙባቸውና በፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ለኩ። አንዱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ የሥሩን ጓርኒሲዮን ቀይሩ እንጂ ቴስታታውን አጥብቆ በማሰር አይስተካከልም፤ እሱ በሳምንቱ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል። የቴስታታ ብሎኖች ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ ይታሰራሉ። የቫልቮላ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ መግቢያው 0.10፣ መውጫው 0.25 ሚሊሜትር ነው። የፑንቲና (ለካንዴላው ኮረንቲ የሚቆርጠው) ክፍተት 0.40 ሚሊሜትር።

ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ነው። ዋናው ጂግለር (ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ብሎን) ላይ ያለው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 135 ከሆነ 130 ሞክሩ። አሥር ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ካንዴላ ፍቱ፦ ጥቁር ጥላሸት ካለው ገና ቤንዚን በዝቷል፣ ቡና መሳይ ከሆነ ደርሷል፣ ነጭ ከሆነ መልሱት። ጂግለር በመርፌ የሚያሰፋና በቆርቆሮ የሚደፍን ሰው ካለ ካርቡሬተሩን አትስጡት።

ሁለት ዘይት ሁልጊዜ ይሳሳታል። ካምቢዮው የሚፈልገው የሞተር ዘይት ነው፤ ወፍራም የማርሽ ዘይት ከተሞላ ጧት ላይ ማርሽ እንቢ ይላል። ዲፈረንሻሉ ደግሞ ከሌላው መኪና የተለየ ነው፣ ጠመዝማዛ ብረት የነሐስ ማርሽ የሚነዳበት ነው። ጂኤል 5 የሚባለው ዘይት ውስጥ ያለው ሰልፈር ነሐስ ይበላል። ሲፈታ ዘይቱ ወርቃማ ብናኝ ካለው ማርሹ እያለቀ ነው። ነሐስ እንደማይጎዳ ጣሳው ላይ ወይም መግለጫው ላይ የተጻፈበትን ብቻ ግዙ።

የአካሉ ሥራ ረጅም ነው፣ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ዝገት የሚጀምረው ከወለሉ፣ ከበሮቹ ሥርና አሞርዛተሩ ከሚታሰርበት የላይኛው ጉልላት ነው። የበሰበሰ ላሜራ ይቆረጥ እንጂ በስቱኮ አይሸፈን። ጣሪያ ማሳጠርም ሆነ ሞላ መቁረጥ ይቅር፤ የጁገል መግቢያዎችና የመንገዱ ቦይ የመኪናውን ሆድ አይምሩትም። ወንበሩን ለማልበስ መኪና ግርግር መውረድ ነው፣ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ የሆነው ሰፈር። አሮጌው ልባስ ሳይቀደድ ተፈትቶ እንደ ቅድ ይሰጣቸው።

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ስላለ የ504ቱ ሞተር የሽያጭ ውል ሳይኖረው አይገዛ። ቁጥሩ በመንገድ ትራንስፖርት ሳይመዘገብ ከቀረ መኪናውን ስትሸጡ ወይም አደጋ ሲደርስ ይይዛችኋል።

የመጀመሪያው ጉዞ ከሐረር ደንገጎ ይሁን፣ ያለ ጭነት። ደንገጎ ላይ ሞተሩን ሳታጠፉ አምስት ደቂቃ አቁሙና ቬንትሌተሩ መያዙን እዩ። ከዚያ ወደ ድሬዳዋ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። ታች ስትደርሱ የእጃችሁን መዳፍ ሳትነኩ ወደ አራቱም ጎማ መሃል አስጠጉ። ከአክስል ጓደኛው ይልቅ የጋለ ካለ እዚያ ጎማ ላይ ያለው ሲሊንደር አልተመለሰም፤ ሽቅብ ከመመለሳችሁ በፊት ይፈታ።