ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ጎማ

የሞተር ሳይክል ጎማ ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነዳ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ጎሚስታ ጋ ብትለኩ ጎማው ስለጋለ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በዛ ብላችሁ አታስተንፍሱ፤ ማታ ሲበርድ ጎድሎ ያድራል።

የጎማው መጠን የፊቱ 120/70፣ የኋላው 180/55 የሆነ የጉዞ ሞተር ብዙ ጊዜ ከፊት 36፣ ከኋላ 42 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይፈልጋል። የእናንተን ከመመሪያው እዩ፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የንፋስ ቁጥር ጣሪያው ነው። ንፋስ ሲበዛ መሃሉ ሊሾ ይሆናል፤ ሲያንስ መሪው ይከብዳል፣ ኮረኮንች ላይም ቸርኬው ይጣመማል።

በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ መጀመሪያ ቫልቩን ጠርጥሩ። ምራቅ ቀቡት፤ አረፋ ካወጣ የውስጧን ፒን አጥብቁ ወይም ቀይሩ። ርካሽ ነች።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019፣ 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ከደረቀ ዝናብ ላይ አይዝም።